«ድርቅ ተከስቷል» ብላችሁ አትለፉን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አይደርስም፤ ስለዚህ ያረጀ ጉዳይ የማነሳ ከመሰላችሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ስለ መንግሥቱ ኃይለማርያም ሕይወት ያወጣችሁትን ሙሉ ገጽ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ማኪያቶዬ በረዶ ሆኖ ነበር።

ትንሿን ነገር ላስቀድምና ልገላገል። ከፎቶው ሥር «ጄኔራል መንግሥቱ» ብላችኋል። ሰውየው ጄኔራል ሆኖ አያውቅም። ሻለቃ ሆኖ ደርግ ገባ፣ ሌተናል ኮሎኔል ሆነ፣ እዚያው ላይ ቆመ። የጦር ኃይሎች ዋና አዛዥ ሲባልም ኮሎኔል፣ ፕሬዚዳንት ሲባልም ኮሎኔል። ተራ የፊደል ስህተት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በ1980 ዓ.ም. ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን ያስረሸነው ኮሎኔል ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጀርመን ጉዞ በወጣበት ዕለት መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩበት ጄኔራሎች ነበሩ፤ ኤታ ማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምኃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፣ ከተያዙት ውስጥ 12ቱ ጄኔራሎች በዓመቱ ተረሸኑ። አንድ ኮሎኔል ያን ሁሉ ጄኔራል ሲጨርስ ኖሮ እናንተ መልሳችሁ የጄኔራልነት ማዕረግ ትሰጡታላችሁ? እሱ ራሱ ቢያየው የሚስቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ጽሑፋችሁ ሰውየውን ደህና አድርጎ ይከተለዋል። የወታደር ልጅ መሆኑን፣ ሆለታን፣ አሜሪካ ሄዶ መሠልጠኑን፣ ሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር በመሣሪያ ግምጃ ቤት መኮንንነት ማገልገሉን ጽፋችኋል። ክፍለ ጦሩን ወክሎ አዲስ አበባ የሄደውም አለቆቹ «አስቸጋሪ ነው፣ ይሂድልን» ብለው ነው ይባላል፣ እሱንም አልዘለላችሁትም። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ደርግ መቋቋሙን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናት መረሸናቸውን፣ ከሱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት አማን አንዶምና ተፈሪ በንቲ እንዴት እንደሞቱ፣ ሁሉንም ጽፋችኋል። ከሐረር ተነስቶ ሐራሬ እስኪያርፍ አንድም ፌርማታ አልዘለላችሁም።

ወሎ ግን የደረሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በሥልጣን ዘመናቸው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ድርቅ ተከስቷል።»

ተከስቷል! ይቺን ቃል ሳያት ነው ማኪያቶው የቀዘቀዘው። ዝናብ ይቀራል፣ እሺ። ዝናብ መቅረቱ «ተከሰተ» ሊባል ይችላል። የኛ በልግ በየጥቂት ዓመቱ ይከዳናል፣ ደጋው ወሎ በልግ ካጣ ግማሽ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው፣ መኸሩም ከተከተለው አለቀ። ይሄን ማንም የወሎ ገበሬ ያውቀዋል። ሰው በረሃብ ሲያልቅ ግን «ተከስቷል» አይባልም። መሐል ላይ ብዙ ነገር አለ። ጦርነት አለ። ገበሬው ካመረተው ላይ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የሚያስረክበው ኮታ አለ። እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ በየኬላው የሚያዝበት ሕግ አለ። ጎጃም እህል እያለ ወሎ ባዶ የሚሆነው ደመና ስለጠፋ ብቻ አይደለም።

ደግሞ ይሄ ሰው ስለ ወሎ ረሃብ ምንም አያውቅም ልትሉኝ አትችሉም። ቤተ መንግሥት ያስገባው እኮ የኛው ረሃብ ነው። አዎ፣ አብዮቱን ወሎ ብቻዋን አላመጣችውም። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያሉት ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማርረው ያመጹት ስለኛ ብለው አይደለም፣ የካቲት ላይ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙትም በቤንዚን ዋጋ ነው፣ መምህራኑም ተማሪዎቹም የየራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። ንጉሡን ከሰው ልብ ያወጣቸው ግን የወሎ ሥዕል ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን የታየውን የማያውቅ የዚያ ዘመን ሰው የለም። አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ መጥቶ የቀረጸው ፊልም ነው። ደርጎቹ የቤተ መንግሥቱን ድግስ መሐል መሐሉ ላይ እየሰኩ አሳዩት። እዚያ የሚሞት ሕፃን፣ እዚህ ኬክ ሲቆረስ። እዚያ አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ፣ እዚህ ውሻ ሥጋ ሲጎርስ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡን በቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው።

ልብ በሉ እንግዲህ። ሥልጣን ላይ የወጡት «ሕዝብ ሲራብ ደብቀሃል፣ ሕዝብ ሲራብ ደግሰሃል» ብለው ነው።

አሥር ዓመት ቁጠሩ። መስከረም 1977 ዓ.ም.። አብዮቱ አሥር ዓመት ሞላው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) በዚያው ሰሞን ተመሠረተ፣ መንግሥቱ ዋና ጸሐፊ ሆነ። አዲስ አበባን የሚያስጌጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡ። መንገዱ ሁሉ ቅስት፣ ኮከብ፣ የማርክስና የሌኒን ፎቶ። በዚያው ሰሞን ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን እኮ ከመጋቢት 1976 ዓ.ም. ጀምሮ ለጋሾችን ሰብስቦ «ሕዝብ ሊያልቅ ነው» ብሎ ነበር። ውጭ ያሉትም በወቅቱ ጆሮ አልሰጡም፣ እሱንም መርሳት የለብንም። የኛው መንግሥት ግን በዓሉ እንዳይበላሽበት የውጭ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳያልፍ ከለከለ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው የተለቀቁት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ታየ፣ ዓለም ተገለበጠ። ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበረች።

በ1966ም ፈረንጅ ነው የቀረጸን፣ በ1977ም ፈረንጅ። በሁለቱም ጊዜ የኛ ጋዜጣ ስለ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር። አሁንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ስታልፉን የተናደድኩት ለዚህ ነው፣ ከሰውየው ይልቅ በናንተ።

እኔ በ77 የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወረባቦ ነው የተወለድኩት። አባቴ ሁለት በሬ ነበረው፤ አንዱን ሸጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን ሸጠ። የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን ሩብ አይሆንም ነበር፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን ሁሉም ሻጭ ነው፣ እህል ግን ሰማይ ነክቷል። ከዚያ እናቴ ትንሿን እህቴን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ወደ ባቲ የእርዳታ ጣቢያ ወረድን። መንገዱን ብዙም አላስታውሰውም። የማስታውሰው የባቲን ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ነበር፣ ቆላ ነው ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በጣም ገረመኝ። በየማለዳው ሰዎች እየዞሩ የተሸፈኑትን ይገልጣሉ፣ የሚንቀሳቀሰውን ይተዉታል፣ የማይንቀሳቀሰውን ይወስዱታል። አንድ ቀን እህቴን ገልጠው ወሰዷት። እናቴ አላለቀሰችም። ብዙ ሰው አላለቀሰም እዚያ፣ ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከባቲ ይዘን የወጣነው አንድ ነገር ነው። የእርዳታ ዘይት የነበረበት ትልቅ ጣሳ፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች የተሣሉበት። እናቴ እስከ ዛሬ አለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጣሳዋም አለ። አፉን በመዶሻ መትታ አስተካክላዋለች፣ ሥዕሉ ከእጆቹ አንዱ ብቻ ቀርቶታል፣ ሌላውን ዝገት በልቶታል። እህል የምትሰፍረው በሱ ነው። በየረመዳኑ ማብቂያ ፊጥራ፣ ለድሃ የሚሰጠውን እህል፣ የምታወጣው በሱ ነው፣ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ፣ ከንፈሩ ድረስ። ለእህቴም ትሰፍራለች። «ለሞተ ሰው ፊጥራ የለም» ብሎ አንድ ሸህ ነግሯታል። «ይሁን፣ እኔ ሰፍሬያለሁ» አለችው።

ከዚያ ሰፈራው መጣ። እዚህ ላይ ነው ሰውየውን ራሱን በቀጥታ የምጠይቀው ነገር ያለኝ። ሰፈራ የሱ ውሳኔ ነበር፣ እሱ ራሱ የያዘው ዘመቻ ነበር። 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ መተከል ተወሰደ፣ ከመካከላቸው የሚበዛው የኛ ሰው ነው። መሬቱ ለም ነው፣ ዝናብ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ፈልጎ የሄደም ነበር። አጎቴ ግን ስንዴ ይታደላል ተብሎ ነው ወጥቶ የቀረው። ለስንዴ ተሰለፈ፣ መኪና ላይ ጫኑት። ሚስቱ ቤት ውስጥ ድስት ጥዳ ትጠብቀዋለች። ፓዌ ነው የወረደው። ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰፈሩ በቁጥር ነው የሚጠራው፣ መንደር 7፣ መንደር 14፣ እንዲህ። የሄደው በ77 ነው፤ የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ84። ሰባት ዓመት። ሚስቱ ሌላ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። መጣ፣ ቡና ተፈላለት፣ ከአዲሱ ባል ጋር ተቀምጦ ሦስተኛውን ስኒ ድረስ ጠጣ፣ ተነስቶ «አብሽሩ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንስቶ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም። አሁን በሕይወት የለም።

ይሄን የምጽፈው ልታለቅሱልን አይደለም። የአንድን መሪ ሕይወት ስትጽፉ የውሳኔው ሌላኛው ጫፍ የት እንዳረፈ እንድታዩልኝ ነው።

ሚዛን ጠፋ እንዳትሉኝ ደግሞ የሱን ወገን ላውራ፣ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ እንኳ የሚወደው ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ባጃጅ ያዝኩ። መስታወቱ ላይ መንጌ ተለጥፏል፣ ከነኮፍያው፣ ጣቱን ቀስሮ። ልጁ 20 ዓመት ቢሆነው ነው።

«ይሄን ማን ለጠፈው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ ፋዘር። እሱ ቢኖር አገር እንዲህ አይቀለድባትም ነበር።»

«በ77 የት ነበርክ?»

«ኧረ እኔ የ95 ልጅ ነኝ!»

«አያትህስ?»

ትንሽ ዝም አለ። ዞር ብሎም አላየኝም። «የአባቴ አባት አሶሳ ሄዶ ነው የቀረው ይላሉ» አለ። ቀጥሎ «እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው» አለና ሆጤ ስንደርስ ሂሳቡን ተቀበለኝ። ከመደበኛው 10 ብር ጨምሮብኛል። ለፖለቲካው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ልጁን አልፈርድበትም። አገር ሲናወጥ ሰው ጠንካራ ድምፅ ይናፍቃል። የሶማሊያ ጦር ሐረር አፋፍ ደርሶ ሳለ አገሪቱን አንቀሳቅሶ፣ በሶቪየትና በኩባ እርዳታም ቢሆን፣ የካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ማስመለሱ እውነት ነው። የሄደው ሚሊሺያ ውስጥ የወሎ ገበሬ ስንት እንደነበረ ግን እኛ ነን የምናውቀው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የወሎን ጢሰኛ ከእርቦ ገላግሎታል፣ አባቴ እስኪሞት ያወድሰው ነበር። እናንተ ያልጻፋችሁት ደግሞ አለ። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት በደርግ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ከዚያ በፊት ዒድ ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት ነበር እኮ፣ አገሩ በሙሉ ሙስሊም በሆነበት ቀበሌ ሁሉ። እናቴ ያንን ቀን ዛሬም ታነሳዋለች። ፊደል የቆጠረችውም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ በ1971 ተጀምሮ እኛ ጋ ሲደርስ፣ ማታ ማታ በኩራዝ። ስሟን ትጽፋለች። ስለዚህ እናቴን «መንግሥቱ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋት ቶሎ አትመልስላችሁም። ቡና ታፈላላችኋለች፣ ትቆያለች፣ «ፊደልም የሰጠን እሱ፣ ልጄንም የወሰደብኝ እሱ» ትላለች። ከዚያ ወሬ ትቀይራለች። እኔ ከዚህ የተሻለ የሕይወት ታሪክ አላነበብኩም፣ የናንተንም ጨምሮ፣ አትቀየሙኝ።

ፕሬዚዳንትነቱን እናንተ እንደ ትልቅ ምዕራፍ አድርጋችሁታል። እኛ ብዙም አልታወቀንም። ጳጉሜ 1979 ዓ.ም. ላይ 835 አባላት ያሉት ሸንጎ ተሰብስቦ መረጠው፣ አገሪቱም ኢሕዲሪ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ተባለች። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ «ጓድ ሊቀመንበር» የነበረው «ጓድ ፕሬዚዳንት» ሆነ። አንድ መምህራችን አፉ ስላልለመደው «ጓድ ሊቀ ፕሬዚዳንት» ብሎ ሰልፉ በሙሉ ፈነዳ፣ በኋላ ካድሬው ቢሮ ጠርቶት ተመለሰ፣ ምን እንደተባለ አልነገረንም። የተለወጠው ይሄው ነው። መንበሩ ላይ ያው ሰው፣ ቀበሌው ላይ ያው ካድሬ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ያ ሁሉ ጦር ሲሰበር ደግሞ አፈሳው ባሰ። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ ላይ ጎረምሳ አይታይም ነበር። አጭር ቁመት ያን ጊዜ ዱዓ ይደረግለት ነበር፣ ቀልዴን አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ግመል ሊገዛ ወጥቶ ነው የታፈሰው፣ የግመሉን ብር ይዞ። ብሩም ልጁም አልተመለሱም።

አንድ ነገር ልጨምር። የካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ነው ብሎ አወጀ። ያንን አዋጅ ገበሬው ከየት እንደሰማው አላውቅም፣ ሬዲዮ ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። በሳምንቱ ግን የአምራቾች ማኅበሩ በሬ ተከፋፈለ፣ መሬቱ ተከፋፈለ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳይቀር ተነቅሎ ተከፋፈለ። ማንም ሰው «ቆይ» አላለም። ካድሬው ራሱ ድርሻውን ወስዷል። ሰውየው ለአሥራ ምናምን ዓመት የለፋበት ነገር በገበሬው ዘንድ ምን ያህል ሥር እንደነበረው የዚያን ሳምንት ነው ያየሁት።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በናይሮቢ አድርጎ ሐራሬ ገባ። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያው ሰሞን ከመንግሥት እጅ ወጥተው ነበር። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ሲል የኖረ ሰው ሦስተኛ ነገር አገኘ፣ አውሮፕላን። ወታደሮቹ ግን አውሮፕላን አልነበራቸውም። በእግራቸው፣ አንዳንዱ ጫማውን ሽጦ፣ አንዳንዱ መለዮውን ገልብጦ ለብሶ፣ በኛ በር ያልፉ ነበር። «እናቴ፣ የሚቀመስ ነገር» ይላሉ። ያን ሁሉ ዘመን ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ወታደር ነው የለመድነው፣ የሚለምን አይተን አናውቅም። እናቴ ሽምብራ ቆልታ በዚያች ጣሳ እየሰፈረች ኪሳቸው ውስጥ ትገለብጥላቸው ነበር። አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ የባሌ ልጅ ነኝ ያለን፣ ጣሳውን ከእጇ ተቀብሎ ሥዕሉን አየና «ይሄ እኛም ካምፕ ነበረ» አለ። የእርዳታው ዘይት ጦር ካምፕ ውስጥ ምን ያደርግ እንደነበር እንግዲህ እናንተ ጋዜጠኞቹ አጣሩልን።

ስለ ፍርዱ የጻፋችሁት ልክ ነው። በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ሆነ፣ ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችውም። ያ ክስ ስለ ግድያዎቹ ነበር፣ ስለ ቀይ ሽብር፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ባለሥልጣናቱ። ተገቢ ነው። የባቲ ሜዳ ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም። ጋዜጣ ላይ እንኳ ይቅረብ ነው የምላችሁ።

ስለዚህ ሰው ላኩ። የ77ን በአካል ያዩት እያለቁ ነው፤ እናቴ ዘንድሮ ጆሮዋ ከብዷል፣ ጎረቤታችን ያሉት ሀጂ ከሰፈራ በሱዳን በኩል በእግራቸው ዞረው የመጡ ናቸው፣ እሳቸውም ከቤት አይወጡም። ወረባቦ ድረስ አስፋልት ባይኖርም መኪና ይገባል። መቅረጫ ያለው ልጅ ላኩ፣ ቸኩሎ የማይጠይቅ ይሁን፣ ቡናውን ሦስቱንም የሚጠጣ። ማደሪያ ኮምቦልቻ እኔ ቤት አለ። ሰኞ ቀን ብቻ እንዳትመጡ። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በግመል ይዘጋል፣ እናቴም ቤት አትገኝም፣ ጣሳዋን ይዛ ገበያ ነው የምትውለው።

አንባቢያችሁ
ከኮምቦልቻ